የጓሮ ሎሚና ናና ከማዕድ እንዲደርሱ

በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኘው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በቆየ ልማድ የተከለከለ ነው። በዚህም የተነሳ ነዋሪው ለዘመናት ኑሮውን የመሠረተው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ላይ ነው። ሎሚ ለዘጌ ሰው ለገበያ የሚወጣ ምርት ነው።

በሌሎች በርካታ የክልሉ ቆላማና ወይና ደጋ ቀበሌዎች ግን ሎሚ ከቤት ጀርባ የሚበቅል፣ ብዙም ትኩረት የማይሰጠው የጓሮ ዛፍ ነው። ፍሬው በአንድ ጊዜ ሲደርስ የገበያ ዋጋው ይወርዳል። ወደ ገበያ ተሸክሞ መሄዱ ከድካሙ ስለማያወጣ ብዙው ከዛፉ ሥር ወድቆ ይበሰብሳል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ከዚያው ቤት ልጅ ተልኮ የጠርሙስ ለስላሳ ይገዛል። ከጓሮው ጥግ፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃ በሚፈስበት ቦታ የበቀለው ናናም ከሻይ ውጭ እምብዛም አይፈለግም።

እነዚህ ሁለት የጓሮ ተክሎች ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲገናኙ ጥም የሚቆርጥ፣ አልኮል የሌለበትና በአነስተኛ ወጪ የሚዘጋጅ መጠጥ ይሆናሉ። ጠላና ጠጅ ለማይጠጡ እንግዶች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለልጆች በድግስ ላይ ከብርዝ ጎን ሊቀርብ ይችላል። ለጾምም ሆነ ለረመዳን ማፍጠሪያ ተስማሚ ነው።

ለ1 ሊትር ውሃ ስድስት መካከለኛ ሎሚ፣ አንድ እፍኝ የናና ቅጠልና በሾርባ ማንኪያ ልክ አራት ስኳር ይበቃል። ሎሚው ሳይቆረጥ ታጥቦ በመዳፍ እየተጫነ በገበታ ላይ ቢንከባለል ጭማቂው በቀላሉ ይወጣል። ከዚያም ለሁለት ተከፍሎ ይጨመቅና ፍሬው በማጥለያ ይለያል። ነጩ የልጣጭ ክፍል መራራ ስለሆነ አጥብቆ መጭመቅ አይመከርም። ናናው በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ከታጠበ በኋላ ከስኳሩ ጋር በሙቀጫ ቀስ ብሎ ይታሻል። መዓዛው እስኪወጣ ብቻ እንጂ እንደ ቅመም እስኪልም ከተወቀጠ መጠጡን ያመረዋል። ቀጥሎ ውሃው ይጨመራል፤ የሎሚው ጭማቂ በመጨረሻ ይገባል። ሎሚ ብረትን ስለሚበላ መጠጡ በመስታወት ወይም ለምግብ በተሠራ የፕላስቲክ ዕቃ እንጂ በአሉሚኒየም ወይም በቆርቆሮ ዕቃ መቀመጥ የለበትም።

በዚህ ሥራ ትልቁ ጉዳይ ውሃው ነው። የሎሚ ኮምጣጣነት የተበከለ ውሃን ያጸዳል የሚለው እምነት ቤተሰብን ለተቅማጥና ለሌሎች ውሃ ወለድ በሽታዎች ሊያጋልጥ ይችላል። ከምንጭ፣ ከወንዝ ወይም ካልታከመ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ አስቀድሞ መፍላት አለበት። ውሃ በደጋ አካባቢ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ቦታ የሚኖር ቤተሰብ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል ሊያቆየው ይገባል። በውሃ ማከሚያ መድኃኒት የሚጠቀም ደግሞ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠንና የመቆያ ጊዜ መጠበቅ ይኖርበታል። ሎሚው የሚጨመረው የፈላው ውሃ ተከድኖ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ በሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይጠፋልና። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት መጠጡ በተዘጋጀበት ቀን ማለቅ አለበት።

የመጠጡ ጥቅም ጥም በመቁረጥ ብቻ አያበቃም። ጤፍና ጥራጥሬ የብረት ማዕድን አላቸው፤ ነገር ግን ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት በቀላሉ አይወስደውም። ቫይታሚን ሲ ያለበት ነገር ከምግቡ ጋር ሲወሰድ የሚገባው ብረት ይጨምራል። በአንጻሩ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ይቀንሱታል። ስለዚህ እንጀራ በሽሮ ሲበላ የሎሚውን መጠጥ አብሮ ማቅረብ፣ ቡናውን ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ወጪ የማይጠይቅ መልካም ልማድ ነው። 100 ግራም የሎሚ ጭማቂ 30 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ አለው። በአንድ ብርጭቆ የሚገኘው መጠን አነስተኛ በመሆኑ መጠጡ ረዳት እንጂ መድኃኒት አይደለም። ፓፓያን፣ ቃሪያንና ቲማቲምን አይተካም፤ ነፍሰ ጡሮች ከጤና ተቋም የሚሰጣቸውን የብረት እንክብልም አያስቀርም።

ስኳሩም በልክ ሊሆን ይገባል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል። ከላይ በተገለጸው መጠን የተዘጋጀው መጠጥ ግን በአንድ ብርጭቆ 10 ግራም ያህል ብቻ ይኖረዋል። ንብ የሚያነቡ አርሶ አደሮች በስኳር ፋንታ ጥቂት ማር መጠቀም ይችላሉ። ሆኖም ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር መስጠት አደገኛ ነው።

ናናን ማብቀል ብዙ ድካም የለውም። ከአሮጌው ተክል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቁራጭ ወይም ሥር ያወጣ ግንድ ወስዶ በእርጥብ አፈር ላይ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት መትከል ይቻላል። ናና በሥሩ እየተሳበ ሌላውን አትክልት ስለሚወር በአሮጌ ጀሪካን ወይም በተሰበረ እንስራ ቢተከል ይሻላል። ቅጠሉ ከማበቡ በፊት፣ ጠዋት ላይ፣ ግንዱ ከመሬት ጥቂት ከፍ ተደርጎ ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። ከመጸዳጃ ወይም ከከብት በረት የሚወርድ ፍሳሽ በሚደርስበት ቦታ መትከል ግን አይገባም፤ ቅጠሉ ሳይበስል የሚበላ ነውና።

ሎሚም ዛፉን በማራገፍ ሳይሆን በእጅ ተለቅሞ በጥላ ሥር ቢቀመጥ ጭማቂውን ይዞ ይቆያል። መሬት ወድቆ የተሰነጠቀ ወይም የሻገተ ፍሬ ለመጠጥ አይሆንም። ሎሚ ሲጨምቅ የዋለ ሰው ፀሐይ ላይ ከመውጣቱ በፊት እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ሊቃጠልና ሊጠቁር ይችላል።

ሥራው የግብርናንና የጤናን ባለሙያዎች ያገናኛል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ግብርና፣ ጤናና ውሃ ተቀናጅተው እንዲሠሩ ይጠይቃል። በወረዳ ደረጃ ይህ ቅንጅት በትንሹ ሊጀመር ይችላል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የናና ቁራጭና ጤናማ የሎሚ ችግኝ ወደ ጓሮ ሲያደርስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ውሃውን ማከምና መጠጡን ማዘጋጀት በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ታሳያለች። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ደግሞ የተበላሸውን የእጅ ፓምፕ በወቅቱ ይጠግናል። ፓምፑ ካልተጠገነ ችግኙም ሆነ ትምህርቱ ውጤቱ ግማሽ ነው።

ለዚህ አዲስ መሬትም ሆነ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ ዛፉ በየጓሮው አለ። ቀጣዩ ፍሬ ሲደርስ ከዛፉ ሥር እንዳይበሰብስ ከወዲሁ ናናውን መትከልና ውሃውን ማስተካከል ይበቃል።