ከ«ደህና ነኝ» ጀርባ

«እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ትላለች ሲስተሯ። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» በኬሞቴራፒ ክፍል ግን ይህ መልስ አይበቃም። ጥሩ ነርስ ጥያቄዋን ትቀጥላለች፦ ትናንት ምን በሉ? ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሱ? ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግርዎታል? የመጨረሻው ለወሬ የተጠየቀ አይደለም። ፓክሊታክሴል የተባለው የኬሞ መድኃኒት የጣት ጫፍንና የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ እግሩ መሬቱን በደንብ ያልለየ አረጋዊ ደግሞ ወድቆ ሊሰበር ይችላል።

በአዲስ አበባ የቤቴል ሰፈር ነዋሪ ለካንሰር ሕክምና በጦር ኃይሎችና በሜክሲኮ አድርጎ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሄዳል። ሆስፒታሉ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር። እዚያ የደረሰ አረጋዊ «ዕድሜዬ ሄዷል፣ ይቅርብኝ» ቢል አይፈረድበትም። ዕድሜ ብቻውን ግን ሕክምና አያስከለክልም። የሚመዘነው የሰውነት አቅም ነው።

ለምሳሌ ኩላሊትን እንውሰድ። የ75 ዓመት፣ 50 ኪሎ የሚመዝኑ አባትና የ30 ዓመት፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ደማቸው ተመርምሮ የሁለቱም ክሬአቲኒን 1.0 ሆነ እንበል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የኮክክሮፍትና ጎልት ቀመር ሲሰላ ግን የወጣቱ ኩላሊት በደቂቃ ወደ 107 ሚሊ ሊትር፣ የአባት 45 ያህል ብቻ ያጣራል። የአረጋዊ ጡንቻ ስለሚሟሽሽ ከጡንቻ የሚመነጨው ክሬአቲኒኑ አንሶ ያታልላል። ይህ ካልታየ ሲስፕላቲንና ካርቦፕላቲን መጠናቸው ሳይስተካከል ይሰጡና ጉዳት ያደርሳሉ። ለዚህም ነው በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምሱ እናት ሲስፕላቲን ከመጀመራቸው በፊት ስለ ጾሙ በግልጽ መጠየቅ ያለባቸው፤ መድኃኒቱ ኩላሊትን እንዳይጎዳ ብዙ ፈሳሽ ይፈልጋል።

ከዚያ መርፌው ይመጣል። የአረጋዊ ደም ሥር ስስ ነው፣ በቀላሉ ይቀደዳል። ቀዩ ዶክሶሩቢሲን ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ከገባ ቆዳን እስከ ማቁሰል ይደርሳል። ስለዚህ ነርሷ በየመሀሉ ደም መመለሱን ታያለች፤ «ያቃጥላል?» እያለች ትጠይቃለች። ካቃጠለ ወዲያው ታቆማለች፤ ካኑላውን ከመንቀሏ በፊት የቀረውን መድኃኒት በሲሪንጅ ትስባለች፣ ቀዝቃዛም ትይዝበታለች። ታማሚው «እችለዋለሁ» ብሎ ጥርሱን ከነከሰ ግን ይህ ሁሉ ይዘገያል።

ቤት ከተገባ በኋላም ሥራው አያልቅም። ለ48 ሰዓት ያህል ሽንትና ትውከት የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያድርግ፤ ነፍሰ ጡር ብትሆን ይህን ለሌላ ትተው። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ነጭ የደም ሴል የሚያንስበት ጊዜ ነው፤ በብዙዎቹ መድኃኒቶች ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ይመጣል። ትኩሳት 38 ከደረሰ እስኪነጋ አይጠበቅም። አረጋዊ ደግሞ ኢንፌክሽን ይዞት ጭራሽ ላያተኩስ ይችላል፤ መቀባዠርና ያልተለመደ ድካም ብቻ ይታይበታል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይዞት ሄዶ፣ ገና በር ላይ «ኬሞ እየወሰዱ ነው» ማለት አለበት።