በብርድ ወራት ለሚጓዝ ነጋዴ የሚስማማ ልብስ

ነጋዴ ለጉዞ ሲነሣ ስለ ናሙናው፥ ስለ ባንክ ወረቀቱ፥ ስለ መኪናው ጎማና ነዳጅ አጥብቆ ያስባል፤ ስለሚለብሰው ልብስ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስበው ሻንጣው ሊዘጋ ሲል ነው። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። እኔ በአንድ የንግድ ቤት በጸሓፊነት ስሠራ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ የአሠሪዬን የጉዞ ሻንጣ ማሰናዳትም ከሥራዬ አንዱ ነው። ስለዚህ በዚህ ነገር የሠራሁትን ስሕተት አስቀድሜ መናገር ይገባኛል።

በ2010 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር አሠሪዬ ደሴ ከሚገኙ አንድ ደንበኛቸው ጋር የዕቃ ማቅረቢያ ውል ለመፈራረም ተነሡ፤ እኔም ውሉን ለመጻፍ አብሬያቸው እንድሄድ ታዘዝሁ። ከመነሣታችን ሁለት ቀን አስቀድሞ፥ «ልጄ፥ ለመንገድ የሚሆን ሱፍ ፈልጊልኝ፤ የዚያ አገር ብርድ ለእኔ ዕድሜ አይሆንም» አሉኝ። እኔም ወደ አንድ ሱቅ ገብቼ «ሱፍ አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። ባለሱቁ «እንዴታ! ያውም ምርጥ ሱፍ» ብሎ አንድ ጥቁር ሙሉ ልብስ አወጣልኝ። ቀለሙ ያማረ፥ ስፌቱም የተስተካከለ ነበር። ከውስጥ የጨርቁን ዓይነት የሚናገር ምልክት ተሰፍቶበት እንደ ሆነ ግን አልተመለከትሁም።

ከአዲስ አበባ የተነሣነው ገና ሳይነጋ ነበር። 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ደብረ ብርሃን ስንደርስ በመንገዱ ዳርና ዳር ያለው ሣር በውርጭ ነጭ ሆኖ አገኘነው። ወደ ጣርማ በር በተጠጋን ቍጥር ብርዱ እየበረታ ሄደ፤ አሠሪዬም ሁለት እጃቸውን በብብታቸው ሥር አድርገው ዝም አሉ። ዋሻውን አልፈን ቍልቍለቱን ከጀመርን በኋላ፥ «ለመሆኑ ይህ የገዛሽልኝ ሱፍ ከየትኛው በግ የተሸለተ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሾፌሩ ሳቀ፤ እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ብርድን ያልከለከለው ልብስ ሙቀትን አላስወጣ ብሎ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣበቀ። በዚያው ላብ እንደ ረጠቡ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ የማታው ብርድ ተቀበላቸው።

ይህም አልበቃ ብሎ የሆቴሉ ሠራተኛ ሱሪውን ሊተኩስ ወሰደና ለጥጥ ልብስ የሚሆን የጋለ ካውያ አሳረፈበት። ጉልበቱ ላይ የካውያው ቅርጽ ቀለጠ። ልጁን መውቀስ አይቻልም፤ ሱፍ ነው ተብሎ የተሰጠው ልብስ ነውና። በማግሥቱ ጠዋት አሠሪዬ አንድ አሮጌ የመንገድ ሱሪ ለብሰው፥ በላዩ ጋቢ ደርበው ወደ ውሉ ቦታ ሄዱ። ደንበኛቸው ጨዋ ሰው ስለ ነበሩ ነገሩን እንዳላዩ ሆነው አለፉት፤ ውሉም ተፈረመ። ይሁን እንጂ አሠሪዬ ጕንፋን ይዟቸው ሲመለሱ አንድ ሳምንት ሙሉ ከቢሮ ቀሩ፤ በዚያ ሳምንት ውስጥ ሊወሰኑ የሚገባቸው ሁለት ትእዛዞች ዘገዩ። ያ ባለሱቅም እኛን ከዚያ ወዲያ በደጁ አላየንም።

የስሕተቱ መነሻ አንድ ቃል ነው። በአገራችን ሱፍ ማለት አስቀድሞ የበግ ፀጉር ነበረ። ሙሉ ልብስ ከበግ ፀጉር ጨርቅ ይሰፋ በነበረበት ዘመን ሰዉ ልብሱንም በጨርቁ ስም ጠራው። ዛሬ ጨርቁ ተለውጦ ስሙ ቀርቷል። በገበያ ላይ «ሱፍ» ተብሎ ከሚሸጠው ሙሉ ልብስ ብዙው በግ አይቶ የማያውቅ ፖሊስተር ነው። ባለሱቁ ዋሽቶኛል ለማለት ያስቸግረኛል፤ እሱ ስለ አሰፋፉ ሲናገር እኔ ስለ ጨርቁ እሰማ ነበር። ገዢውና ሻጩ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ሲያስቡ ግን የሚጎዱት ሁለቱም ናቸው።

ፖሊስተርን ለመንቀፍ የተነሣሁ አይምሰላችሁ። ይህ ጨርቅ በ1941 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከተፈለሰፈ ወዲህ የመንገደኛውን ድካም በጣም አቃልሏል። አይጨማደድም፤ ማታ ታጥቦ ቢሰጣ ጠዋት ይደርቃል። ውሃ የማይጠጣ በመሆኑ ግን ላብንም አይጠጣም፤ ቀጭኑም ነፋስ አይመክትም። የበግ ፀጉር በተቃራኒው ከራሱ ክብደት ወደ ሢሦ የሚጠጋ እርጥበት ተቀብሎ ለገላ እርጥብ ሳይመስል ይቆያል። የፀጉሩ ዘለላ የተጠማዘዘ ስለ ሆነ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ የሚያሞቀንም ይህ የታሰረ አየር ነው። ሌሊቱን በመስቀያ ተሰቅሎ ቢያድር አብዛኛው ጭምድድ በራሱ ይፈታል። ጥጥ ለገላ የሚመች ጨርቅ ነው፤ ከረጠበ ግን ቶሎ አይደርቅም፤ በብርድ አገር እርጥብ የጥጥ ካናቴራ ለብሶ ከመቀመጥ ባዶ ገላን መቀመጥ ሳይሻል አይቀርም።

እንግዲህ አሠሪዬ ያን ዕለት ምን ለብሰው መጓዝ ይገባቸው ነበር? ይህን ለመመለስ መንገዱን ራሱን መመርመር ያስፈልጋል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ደሴ እንደ ገና ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 60 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ቍልቍለት ውስጥ መንገደኛው ከአሥር ዲግሪ የሚበልጥ ልዩነት ያገኘዋል። በአንድ ቀን ደጋን፥ ቆላንና ወይና ደጋን ለሚያቋርጥ ሰው አንድ ወፍራም ካፖርት ብልሃት አይሆነውም፤ ሲለብሰው ይሞቀዋል፥ ሲያወልቀው ይበርደዋል። የሚበጀው ስስ ስስ ልብሶችን ደራርቦ መልበስ፥ እንደ አየሩ አንዱን ማውለቅና አንዱን መጨመር ነው።

ከገላ ቀጥሎ ስስ የሱፍ ወይም ቅይጥ ካናቴራ ይለበሳል። በላዩ ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ሸሚዝ ይሆናል፤ ይህ ቅይጥ ጥጡ ለገላ እንዲመች፥ ፖሊስተሩ እንዳይጨማደድ ያደርጋል። ቀጥሎ ከፊት በቍልፍ የሚከፈት ሹራብ ይደረባል። በራስ የሚጠለቀው ሹራብ በመኪና ውስጥ ለማውለቅ ያስቸግራል፤ ጎረቤትንም በክርን ይመታል። በመጨረሻ ነፋስና ዝናብ የሚመክት ቀላል ጃኬት ነው። ካልሲው ሱፍ ቢሆን መልካም ነው። ጫማው የተለመደና እግር የማያጠብቅ ይሁን፤ አዲስ ጫማ ለመንገድ አይመረቅም።

ይህን ሁሉ ከውጭ አገር እንማር ማለቴ አይደለም። የመንዝ ሰው ከበጎቹ ጥቁር ፀጉር በርኖስና ባና ሲሠራ የኖረው የአገሩን ብርድ ስለሚያውቅ ነው። በርኖስ በዝናብ ጊዜ ውሃውን ቶሎ ወደ ውስጥ አያሳልፍም፤ የበግ ፀጉር ቅባት ስላለው ነው። ጋቢም አራት ድርብ ሆኖ ስለሚለበስ በድርቦቹ መካከል አየር ይይዛል። በመኪና ውስጥ ጉልበት ላይ፥ በሆቴል ደግሞ በትከሻ ላይ የሚተካከለው የለም። ነገር ግን ጥጥ ነውና ዝናብ ካገኘው ይከብዳል፤ ለመድረቅም ቀን ሙሉ ፀሓይ ይፈልጋል። ስለዚህ ጋቢ ከጃኬት በታች ወይም ከጣራ በታች ይሁን።

ነጋዴ ሴቶችም ይህንኑ ማሰብ ይገባናል። ከቀሚስ በታች የሚለበስ ወፍራም ሱሪ ወይም ረጅም የእግር ሹራብ በጣርማ በር ንፋስ ውስጥ ያለውን ጥቅም የሚያውቀው የለበሰው ነው። ነጠላ ደግሞ ሲፈለግ ራስን፥ ሲፈለግ አንገትን ይሸፍናል፤ ሲታጠፍም በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ነጋዴዎችም ደንቡ ያው ነው፤ አንድ ልዩነት ግን ማወቅ ያስፈልጋል። በጥር ወር ወደ ኢስታንቡል የሚሄድ ነጋዴ በመንገድ ላይ ዝናብና ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ይጠብቀዋል፤ የላሌሊ ሱቆች ግን በማሞቂያ የሞቁ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ መልበስና ማውለቅ ይኖርበታል። በዚያው ወር ወደ ጓንጁ የሚሄደው ግን የሙቀት መለኪያውን ቍጥር አይቶ እንዳይታለል፤ ቅዝቃዜው ከኢስታንቡል የቀለለ ቢሆንም፥ በደቡብ ቻይና ብዙው ቤት ማሞቂያ ስለሌለው ሱቁም እንደ መንገዱ ይበርዳል፤ ደርቦ የገባ ሰው ደርቦ ይቀመጣል። በሁለቱም አገር ሻንጣው ለናሙና እንጂ ለልብስ ስለማይተርፍ፥ ማታ ታጥበው ጠዋት የሚደርሱ ሁለት ሸሚዞች በየቀኑ ከሚቀያየሩ ስድስት ሸሚዞች ይሻላሉ።

አሁን ወደ አስመጪዎችና ወደ ባለሱቆች እመለሳለሁ። ደንበኛ ስለ ጨርቁ ሲጠይቅ «ጥሩ ነው» የሚል መልስ አይበቃም። በልብሱ ውስጥ የተሰፋው ምልክት የጨርቁን ዓይነትና መጠን በመቶኛ ይናገራል፤ ከሥሩ ያሉት ሥዕሎችም አጠባበቁን ያስረዳሉ። የውሃ ገንዳው ሥዕል ስለ ማጠብ ነው፤ በውስጡ ያለው ቍጥር የውሃውን የሙቀት ልክ ያሳያል። ካውያው ስለ መተኰስ ነው፤ አንድ ነጥብ ካለበት ለስላሳ ሙቀት፥ ሦስት ነጥብ ካለበት የበረታ ሙቀት ማለት ነው። በላዩ መስቀል ከተሠመረበት ክልክል ነው። አስመጪው ዕቃ ሲያዝ ይህ ምልክት እንዲኖርበት በትእዛዙ ወረቀት ላይ ቢጽፍ የሚወጣበት ወጪ አነስተኛ ነው፤ ባለሱቁም ለሻጭ ልጆቹ ንባቡን ለማስተማር ከአንድ ሰዓት የበለጠ አያስፈልገውም።

ምልክት የሌለበት ጨርቅ ሲያጋጥም በእሳት መፈተን ይቻላል። ከስፌቱ ውስጠኛ ጠርዝ ጥቂት ክር ተመዝዞ በወረንጦ ተይዞ ይለኰሳል። የበግ ፀጉር ከሆነ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ የተቃጠለ ጠጕር ይሸታል፤ ከእሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቃል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ቶሎ ይነዳል፤ ስስ ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ግን ይኰማተርና ይቀልጣል፤ ሲበርድም እንደ ዶቃ የጠጠረ ፍሬ ይሆናል። ቅይጥ ጨርቅ የሁለቱንም ጠባይ ስለሚያሳይ በዚህ ፈተና መጠኑን ማወቅ አይቻልም። ፈተናው ከሌላው ዕቃ ርቆ፥ ውሃ በአጠገብ ተቀምጦ መደረግ እንዳለበት ለባለሱቅ መንገር ሳያስፈልግ አይቀርም ብዬ ጨመርሁት።

ያ ጉልበቱ የቀለጠ ሱሪ አልተጣለም። በቢሮአችን መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። አዲስ ሻጭ በተቀጠረ ቍጥር አሠሪዬ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዘው ያቃጥሉና የቀለጠውን ፍሬ በመዳፉ ላይ ያኖሩለታል፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፥ ይህ ምን ይባላል?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔም «ፖሊስተር» እላለሁ።