ቀይ ማሽላና አረቄ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች

ከጅማ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ ገነት የሚጓዝ ሰው ዐይኑን የሚስበው ቡናው ስለ ሆነ በየጓሮውና በየማሳው የቆመውን ማሽላ ልብ ሳይለው ያልፋል። ይህ እህል ግን ለገበሬው እንጀራውና ገንፎው ነው፤ ከተማ ሲገባም ለጠላና ለአረቄ ድፍድፍ ይውላል።

ነጩ ማሽላ ለእንጀራ ይመረጣል። ቀዩና ቡናማው ብዙ ጊዜ ዋጋው ይረክሳል፤ ለመጠጥም ይበልጡን የሚውለው እርሱ ነው። በቡናማው ዘር ቅርፊት ሥር ታኒን የሚባል አፍን የሚያኮማትር ነገር አለ፤ ወፍም ሌላ የሚበላ ካገኘች ይህን ዘር ትሸሻለች። (ቀይ የሆነ ሁሉ ታኒን አለው ማለት ግን አይደለም።)

ለገበሬው ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የተዘራ ማሽላ የሚደርሰው ቡናው በሚቀላበት ወራት ነው። ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ የሚጠብቀው ልጅ ያን ጊዜ ለቡና ለቀማ ይፈለጋል። ስለዚህ እንደሚመስለኝ ገበሬውን ወደ ቡናማው ዘር የሚስበው የጠባቂ እጥረት እንጂ አረቄ አይደለም። አረቄ አውጪዋ የምታገኘው ወፍ የተወውን፥ እንጀራ ጋጋሪዋም ያልወደደችውን ነው።

በቻይና አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በጉይዡ ክፍለ ሀገር ማውታይ የተባለውን ዝነኛ መጠጥ የሚሠሩት ሰዎች ፍሬው ደቃቅ፥ ስታርቹም የሚያጣብቅ ቀይ ማሽላ ለይተው በውል ያስዘራሉ። ፍሬው ደጋግሞ በእንፋሎት ሲበስል አይላቁጥም፤ መጠነኛው ታኒንም ለመዓዛው ይረዳል። ዘርን አስቦ መምረጥ ምን እንደሚሠራ ለማየት ግን ቻይና ድረስ መሄድ አያሻም፤ በጅማ እርሻ ትምህርት ቤት የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል።

ይሁን እንጂ የቻይናው ዘር እዚህ ቢመጣ ያው መጠጥ ይወጣል ማለት አይደለም። ስታርች ወደ አልኮል ከመለወጡ በፊት ስኳር መሆን አለበት። ቻይናዎች ይህን የሚያደርጉት ሻጋታ ባለበት እርሾ ነው፤ እኛ በብቅል ነው። ታኒን ደግሞ በብቅሉ ውስጥ ያሉትን ኤንዛይሞች እየያዘ ሥራቸውን ያዘገያል፤ የማሽላ ብቅልም ራሱ ከገብስ ብቅል ይደክማል። ስለዚህ ብቅሉ የገብስ ሆኖ ማሽላው ቂጣ ተጋግሮ ከጌሾው ጋር ወደ ድፍድፉ ቢገባ ይሻላል። ማሽላ የሚያበቅል ሰው ደግሞ ቡቃያውን አድርቆ፥ አሽቶ ማራገፍ ይገባዋል፤ ቡቃያው ሲያናይድ የሚባለውን መርዝ የሚያወጣ ነገር አለበትና።

በጅማ ዙሪያ አልኮል የማይቀምሰው እስላም ብዙ ነው፤ ለእርሱ በዓል የሚጠመቀው ከገብስ የሚሠራው ቀሪቦ ነው። ስለዚህ የአረቄ ገበያ በከተማው ዘንድ የተወሰነ ስለሆነ ለገበሬው ዘር ምርጫ ያን ያህል አይመዝንም። ይልቁንም ማሽላውን የሚገፋው በቆሎ ነው። በቆሎ በክረምቱ መጨረሻ፥ ጎተራው በሚራቆትበት ጊዜ፥ በእሸቱ ይበላል፤ ፍሬውንም ሽፋኑ ከወፍ ይከልልለታል፤ ማማና ወንጭፍም እንደ ማሽላው አይፈልግም። በቆሎ በረከሰበት ገበያም አረቄ አውጪዋ ድፍድፏን በእርሱ ትጥላለች።