ወይዘሪት ሉሲ ስሎው በእኅትማማች ማኅበር የገቡበት ምክንያት

በአሜሪካ አገር ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የገባች ልጃገረድ አንዳንድ ጊዜ «ሶሮሪቲ» በሚባል ማኅበር ትገባለች። ትርጓሜው የእኅትማማች ማኅበር ማለት ነው፤ ስሙም የሚወጣው በግሪክ ፊደላት ነው። ይህን የሰማ አባት «ልጄን ለትምህርት ብልካት ስለ ምን ማኅበር ትጠጣለች?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የአንዲት ሴት ታሪክ ጉዳዩን በደኅና ይገልጠዋልና፥ አንባቢዎቻችን በትዕግሥት እንዲመለከቱልን እንለምናለን።

ወይዘሪት ሉሲ ዲግስ ስሎው የተወለዱት በቨርጂኒያ ግዛት በቤሪቪል ነው። እናትና አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱባቸው ያሳደጓቸው አክስታቸው ናቸው። በባልቲሞር ከተማ ከተማሩ በኋላ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1904 ዓመት የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው በዋሽንግተን ወዳለው ወደ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ይህ ትምህርት ቤት በ1867 የተመሠረተ፥ ጥቁር አሜሪካውያን በብዛት የሚማሩበት፥ የእኛም ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበት ነው።

በዚያ ዘመን በሐዋርድ የሚማሩት ሴቶች ከወንዶቹ ይልቅ ጥቂቶች ነበሩ። ወንዶቹም በ1907 መጨረሻ የወንድማማች ማኅበር በዚያ ከፈቱ። ከሴይንት ሉዊስ ከተማ የመጡት ወይዘሪት ኤቴል ሄጅማን ለሴቶችም እንዲሁ ይሁን ብለው አሳቡን አነሡ፤ በጃንዩወሪ 15 ቀን 1908 ዘጠኝ ተማሪዎች «አልፋ ካፓ አልፋ» የተባለውን ማኅበር አቆሙ። ጥቁር ሴቶች በኮሌጅ ካቆሟቸው እንዲህ ካሉት ማኅበሮች የመጀመሪያው ይህ ነው። ወይዘሪት ስሎው ከዘጠኙ አንዲቱ ሲሆኑ፥ ደንቡን በማርቀቅ ረዱ፤ ፕሬዚዳንትም ሆኑ።

እናትና አባት የሌላት ልጅ በችግሯ ጊዜ የምትጠራው እኅት ብትፈልግ ማንም አያደንቅም። ለእኛ ግን ምክንያቱ ይህ ብቻ አይመስለንም፤ ከኋለኛ ሥራቸው ሌላው ይታያልና። በ1922 የሐዋርድ ሴቶች ተማሪዎች ዲን ሆነው ተሾሙ፤ በዚያ ትምህርት ቤት ይህን ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዪቱ ጥቁር ሴት እርሳቸው ናቸው። ሴት ተማሪ እንደ ሕፃን ከመጠበቅ ይልቅ ራሷን ማስተዳደር እንድትማር እስከ ሞቱበት እስከ 1937 ድረስ ተከራከሩ። ራስን ማስተዳደር ደግሞ በንግግር ብቻ አይለመድም፤ ሒሳብ በመያዝ፥ ደንብ በማውጣት፥ አለቃ በመምረጥና በመሻር ነው፤ ይህንንም ተማሪዎቹ ያገኙት በማኅበራቸው ነበር። (ቴኒስ ይወዱ እንደ ነበርና በ1917 በጥቁሮች ብሔራዊ ውድድር አንደኛ እንደ ወጡ ሳንናገር ማለፍ አልፈለግንም።)

ሁሉም ግን አሳባቸው አንድ አልነበረም። በ1913 ሃያ ሁለት ተማሪዎች ማኅበሩ በሕዝብ ጉዳይ ይበልጥ ይግባ በማለት ተለይተው «ዴልታ ሲግማ ቴታ» የተባለውን አቆሙ። በዚያው ዓመት በማርች 3 ቀን ሴቶች የመምረጥ መብት ያግኙ ተብሎ በዋሽንግተን በተደረገው ሰልፍ ተሰለፉ።

ነቀፋ የለበትም አንልም። ማኅበርተኞቹ መርጠው ስለሚያስገቡ ያልተመረጠችዪቱ ታዝናለች፤ በአንዳንዱም ማኅበር አዲስ ገቢን ማንገላታት ብዙ ጉዳት አድርሷል። እንዲህ ያለውን ወላጅ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባል።

ይሁን እንጂ አባልነቱ ከዲፕሎማው ጋራ አያልቅም። ከ1935 እስከ 1942 በየክረምታቸው የአልፋ ካፓ አልፋ ሴቶች፥ በዶክተር ዶሮቲ ፌረቢ መሪነት፥ ሐኪም ወደሌለበት ወደ ሚሲሲፒ ገጠር ወርደው ሕፃናትን ይከትቡ ነበር። ባለ እርሻዎቹ ጭሰኞቻቸው ሥራ ፈትተው እንዲሄዱ ስላልፈቀዱ፥ ሴቶቹ መድኃኒቱን በአውቶሞቢል ጭነው እስከ ጥጡ እርሻ ድረስ ይወስዱላቸው ነበር።