ሞተሩ እንቢ ሲል፤ የአሮጌ ላንድሮቨርን በሽታ ለማወቅ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። መኪና ግን በሽታውን አይደብቅም። በድምፁ፣ በጭሱ፣ በጠረኑና በሙቀቱ ይናገራል፤ ችግሩ የሚያዳምጠው ሰው መጥፋቱ ነው። እኛ ሠልጣኞች ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ፣ ጋራዥ የሌለበት ቦታ መገኘታችን አይቀርም። የፈተና ወረቀት ወይም ምጥ የያዛት ሴት የጫነ መኪና መንገድ ላይ ቀጥ ሲል፣ ከብቦ ከማየት ጥቂት ማወቅ ይሻላል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚሁ ነው።

ለምሳሌ የወሰድነው ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ያለውን ላንድሮቨር ሲሪስ 3 ነው። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1948 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ሲሆን፣ ሲሪስ 3 የተሠራው ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ነው። የሞተሩ መጠን 2,286 ሲሲ ነው። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የለበትም፤ ስለዚህ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ጥቂት ቁልፎች የያዘ፣ አስቦ የሚሠራ ሰው ብዙውን ችግር ይደርስበታል።

ሀ. ከመንካት በፊት መጠየቅ

በመጀመሪያ ሹፌሩን እንጠይቅ። ችግሩ መቼ ጀመረ? ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲግል? መጨረሻ ላይ የተነካው ነገር ምንድን ነው? በድንገት ጸጥ የሚል ሞተር ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ችግር አለበት። እየሳለና እየተንገጫገጨ የሚጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤንዚን አጥሮት ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ መሄድ ነው። ካንዴላውንም፣ ቦቢናውንም፣ ካርቡራተሩንም ባንድ ቀን የቀየረ ሰው መኪናው ቢነሳለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። ገንዘቡም ዕውቀቱም ባከነ ማለት ነው።

ለ. ሞተሪኖው አልዞር ሲል

የፊት መብራቱን አብርተን ቁልፉን እናዙር። መብራቱ ድርግም ካለ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ የባትሪው ራሶች ላልተዋል ወይም ነጭ ዱቄት ይዘዋል። ዱቄቱን በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አጥብቆ ማሰር ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ከባትሪው ወደ መኪናው አካል የሚሄደው ወፍራም ሽቦም አይረሳ፤ እሱ ከላላ ደህና ባትሪ የሞተ ይመስላል። በሌላ በኩል መብራቱ ሳይደክም ሞተሪኖው ዝም ካለ፣ ችግሩ ከሞተሪኖው ወይም ወደሱ ከሚሄደው ሽቦ ነው።

የዚህ መኪና መልካም ነገር በእጅ የሚዞር ማኖቬላ ያለው መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ ወደ ኋላ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ማርሹ ነጻ መሆኑን፣ የእጅ ፍሬኑም መያዙን እናረጋግጥ። አውራ ጣታችንም ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ባንድ ወገን ይሁን፤ አዙሮ የጨበጠ ሰው ጣቱን ይሰበራል።

ሐ. ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አልነሳ ሲል

ሞተር ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ እሳት፣ ቤንዚን፣ አየር። ሦስቱም በሰዓታቸው መድረስ አለባቸው።

እሳቱን ለማየት አንድ ካንዴላ ፈትተን ከሽቦው ጋር መልሰን እንሰካና የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር እናስነካው። ሽቦውን በደረቅ ጨርቅ እንያዝ፤ በአካባቢው የፈሰሰ ቤንዚን አይኑር። ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ሲያዞር ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ እሳቱ ደህና ነው። ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍተን እርጥበትና ስንጥቅ እንፈልግ። ውስጡ እየተገናኙ የሚለያዩት ትንንሽ ኮንታክቶች ተቃጥለው ከሆነ ማጽዳት ነው። ሲከፈቱ ክፍተታቸው ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሽቦዎቹ ተነቅለው ከነበረ ደግሞ የእሳቱ ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 መሆኑን እናስታውስ።

እሳቱ ካለ ወደ ቤንዚኑ እንሂድ። በቤንዚን ፓምፑ ላይ ያለችውን የመስተዋት ኩባያ ማየት ነው። ቤንዚን ከውኃ ስለሚቀል፣ ውኃ ከገባ ከታች ረግቶ ይታያል፤ ቆሻሻም እዚያው ይከማቻል። ኩባያዋ ንጹሕ ሆና ካርቡራተሩ ዘንድ ቤንዚን ካልደረሰ፣ ፓምፑ ወይም ቧንቧው ተጠርጣሪ ነው።

የተፈታው ካንዴላም ራሱ መጽሐፍ ነው። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ እርጥብ ቅባት ዘይት መግባቱን፣ በጣም ነጭ መሆን ደግሞ የቤንዚን ማነስን ወይም የሙቀት መብዛትን ያመለክታል። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋ ላይ ጥላሸት ቢያበዛ አያስገርምም።

መ. ሞተሩ ሲግል

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ውኃውን በግፊት ይዞ የመፍያውን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ክዳኑ ያረጀ መኪና ደጋ ላይ ቶሎ ይፈላል። የጋለ ራዲያተር ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ባንዴ ስለሚለቀቅ ውኃው ፊት ላይ ይፈነዳል። ስለሆነም በእጅ እስኪነካ ድረስ ሳይበርድ በፍጹም አንክፈተው! በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት አይጨመርም፤ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከበረደ በኋላ ምርመራው ቀላል ነው፦ ውኃው ጎድሏል? ቺንጋው ላልቷል? የራዲያተሩ ዓይኖች በጭቃና በሣር ፍሬ ተደፍነዋል? እነዚህ ደህና ከሆኑ ቴርሞስታቱ ሳይከፈት ቀርቶ ይሆናል። የዘይት መጨመሪያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ካለና በራዲያተሩ ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ ከወጣ ግን፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አይቀርም። እሱ የመካኒክ ሥራ ነው።

ሠ. ጭሱ ምን ይላል?

ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ይናገራል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል። የጧት ብርድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው ነጭ ጭስ ግን እንፋሎት ነው፤ አያስደነግጥም።

ረ. ፍሬን

ሌላው ችግር መኪናውን ያቆማል፤ ይኸኛው ግን አላቆም ይላል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ቧንቧው ውስጥ አየር ገብቷል። ተረግጦ ሳለ ቀስ እያለ ወደ ታች ከወረደ የፍሬን ዘይት ይፈሳል፣ ወይም የዋናው ፓምፕ ጎማ አልቋል። ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ አንዱ ሸራ ቅባት ነክቶታል፣ ወይም ማስተካከያው ተበላልጧል። ወንዝ ከተሻገርን በኋላ ታምቡሮቹ እስኪደርቁ ቀስ ብሎ እየነዱ ፍሬኑን ደጋግሞ መንካት ያስፈልጋል። ረጅም ቁልቁለት ላይም ፍሬን እየረገጡ ከመውረድ በከባድ ማርሽ መውረድ ነው። ፍሬኑ የተጠረጠረ መኪና ላይ ሰው አይጫንም፤ በቃ።

ሰ. በሽታ የሚመስል፣ በሽታ ያልሆነ

ቢጫ ራስ ያለው ዘንግ የፊት ጎማዎችን ከኃይሉ ጋር ያገናኛል፤ ቀይ ራስ ያለው ደግሞ ከባዱን ማርሽ ያስገባል። አራቱም ጎማ ተያይዞ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ፣ የፊትና የኋላ ጎማዎች የተለያየ ርቀት መሄድ ሲገባቸው እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። መሪው ይከብዳል፣ ዘንጉም አልለቅም ይላል። ብዙ ሰው «ካምቢዮው ተበላሸ» የሚለው ይኸኔ ነው። መድኃኒቱ ቀጥ ባለ መስመር ጥቂት ወደ ኋላ መንዳት ወይም ልል አፈር ላይ መውጣት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የምርመራ ዘዴ ለመኪና ብቻ አይደለም። ጥያቄ የማይመልስ ተማሪ ሲያጋጥመንም «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ሰሌዳው ይታየዋል ወይ? ይሰማዋል ወይ? ቁርስ በልቷል ወይ? ብለን አንድ በአንድ ብንጠይቅ ምክንያቱን እናገኘዋለን። መኪና ያለበት ትምህርት ቤት የሚመደብ ጓደኛችንም አንድ ደብተር ይክፈትና ቀኑን፣ ምልክቱን፣ ምክንያቱንና የተደረገውን ይጻፍበት። ለሚቀጥለው መምህርና ሹፌር ከዚያ የበለጠ መሣሪያ አይተውላቸውም።