እንዶድ፣ ፀረ አረምና የጉበት ትል በባሌ ደጋ

በሮቤና በጎባ አካባቢ ከብትና በግ በሚሰማሩባቸው ረግረጋማ መስኮች የጉበት ትል ዋነኛ የእንስሳት ጠንቅ ነው። የትሉ እንቁላል ከእበት ጋር ወጥቶ በውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ እጩም ጋልባ ትሩንካቱላ በምትባል ትንሽ ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ይራባል፤ በመጨረሻም ወጥቶ በሣር ላይ ይጣበቃል። ሣሩን የጋጠ እንስሳ ጉበቱ ይጎዳል፤ ይከሳል፤ ወተቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ቀንድ አውጣዋን መቆጣጠር የበሽታውን ሰንሰለት መካከል ላይ መበጠስ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ የራሷ ልምድ አላት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አስተዋሉ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዚያው ከተማ እንዶድ በወንዞች ላይ ተሞክሮ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ የቢልሃርዚያ ስርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ገዳዩ ንጥረ ነገር በፍሬው ውስጥ ያለው፣ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን ነው። በኦሮምኛ አንዶዴ የሚባለው ይህ ተክል በደጋም ይበቅላል።

ይሁን እንጂ የአድዋን ዘዴ እንዳለ ወደ ባሌ ማምጣት አይቻልም። የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ኑሮዋ በውሃ ውስጥ ሲሆን፣ ጋልባ ግን በውሃ ዳርና በእርጥብ ጭቃ ላይ ትኖራለች፤ በበጋም ጭቃው ውስጥ ተደብቃ ትቆያለች። እንዶድ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበሰብሳል፤ የቀንድ አውጣ እንቁላልንም አያጠፋም። በመሆኑም ዝናብ ጥሏት ቀንድ አውጣዋ ስትወጣ፣ በምንጭ ዳርና በከብት ማጠጫ ብቻ፣ በተደጋጋሚ መጨመር ይኖርበታል።

በስንዴ አምራቹ ባሌ በቅርብ የሚገኘው ፀረ አረም መድኃኒትም አማራጭ መስሎ ሊታይ ይችላል። መጠለያዋ የሆነውን የውሃ ዳር ተክል ያደርቃል፤ ነገር ግን የበሰበሰው ቅጠል የውሃውን ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ኬሚካሉም ሰውና ከብት ወደሚጠጡት ምንጭ ሊገባ ይችላል። እንዶድም ቢሆን ዓሣ ገዳይ ስለሆነ፣ ትራውት ወደሚኖርባቸው እንደ ዌብና ዳንካ ወዳሉ ወንዞች እንዳይፈስ ጥንቃቄ ያሻል።

ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ረግረጉን ማንጣፈፍ፣ ምንጩን ማጠርና ከብቱን በወቅቱ ማከም ነው። እንዶድ እነዚህን ያግዛል እንጂ አይተካቸውም።