እንደ አቅሙ የተመጠነ ብርታት፦ የሰውነት ማጠንከሪያ እንቅስቃሴን ለልዩ ልዩ ምእመናን ስለ ማስማማት

የእንጦጦን አቀበት በአንድ ማለዳ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ጉልበታቸው እጅግ የተለያየ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሆነው ከፍታ ሯጮች ይለማመዳሉ፤ እናቶች ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ማገዶ ተሸክመው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ አረጋውያንና ሕሙማን በምርኩዝ ተደግፈው ወደ ጸበል ያዘግማሉ። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ማዘዝ አንዱን ሲጠቅም ሌላውን ይጎዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ አዋቂዎች ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት ሚዛን መጠበቅንና ጥንካሬን ያጣመረ እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲጨመር ያሳስባል። ምክሩ አካል ጉዳተኞችንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውንም ይመለከታል። እንግዲህ ጥያቄው እንዴት ይመጠን የሚለው ነው። መነሻውም ሰውየው በዕለት ኑሮው ያለ ረዳት ሊያደርገው የሚፈልገውን ነገር መጠየቅ ነው።

ለአረጋውያን ከሁሉ የሚቀድመው ከመቀመጫ መነሣት ነው። ከግድግዳ ከተጠጋ ጽኑ ወንበር ላይ በዝግታ መነሣትና መቀመጥ፣ በመጀመሪያ በእጅ እየተደገፉ፣ ኋላም ያለ ድጋፍ፣ የጭንና የዳሌ ጡንቻን ያጸናል፤ መውደቅንም ይቀንሳል።

እንጨት ተሸካሚ እናቶች ግን ሸክም በዝቶባቸዋል እንጂ አልጎደለባቸውም። ስለዚህ ክብደት አይጨመርባቸውም፤ ዕረፍት፣ ያጎነበሰውን ደረትና ትከሻ ማፍታታት፣ ሸክም ሲያነሡ ወገብን ሳይሆን ጉልበትን ማጠፍ ይጠቅማቸዋል።

በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎች ትከሻቸው በመግፋት ይደክማል። ስለዚህ ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ በጽኑ ነገር ላይ አስሮ ወደ ደረት መሳብ የጀርባ ጡንቻን በማጠንከር ትከሻን ይጠብቃል።

ማየት ለተሳናቸው እንቅስቃሴው በግልጽ ቃል ይነገራል፤ በእጅ መምራት የሚገባውም ፈቃዳቸው ከተጠየቀ በኋላ ነው። አትሌት ትዕግስት ገዛኸኝ በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ፓራሊምፒክ፣ የማየት ጉዳት ላለባቸው በተመደበው የ1,500 ሜትር ሩጫ ወርቅ ማግኘቷ ተገቢ ልምምድ የት ሊያደርስ እንደሚችል ያሳያል።

ሕመም ያዳከማቸው ወገኖች መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ፣ ሐኪማቸውን አማክረው፣ ተቀምጠው በሚሠራ ቀላል እንቅስቃሴ ይጀምሩ። ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ በጾም ወራትም ለጡንቻ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይሰጣሉ። ረጅም ሰዓት በሚጾምባቸው ቀናት ልምምዱ ቀለል ይበል፤ የስኳር ሕሙማን በተለይ ይጠንቀቁ።

ለክብደት ውኃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል፤ 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አንድን እንቅስቃሴ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መደጋገም ለብዙዎች ተስማሚ ነው። የመጨረሻዎቹ ከበድ ሊሉ ይገባል፤ ነገር ግን አቋቋም ከተበላሸ ሸክሙ በዝቷል ማለት ነው። 12ቱ ሲቀልል ጥቂት ይጨመራል። በተለይ የደም ግፊት ያለባቸው ትንፋሻቸውን አይያዙ፤ ሲያነሡ ያውጡ። የደረት ሕመም ወይም ማዞር የተሰማው ሰው ወዲያው አቁሞ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

የሰበካ ጉባኤያት ድርሻ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ደረጃ የሌለበት ክፍል፣ የማይነቃነቁ ወንበሮች፣ የሚጠጣ ውኃ፣ በመጀመሪያም የእያንዳንዱን ሰው አቅም የሚመረምር የጤና ባለሙያ ያስፈልጋል። በቤቱ የቀረውን አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ፈልጎ የሚጋብዝ ሰው መመደብም አይዘንጋ፤ ብርታት ይበልጥ የሚያስፈልገው በራሱ መምጣት ላልቻለው ነውና።